ቅድመ ቡቃያ

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

በራሪ ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት መጣ። አራት ካርቶን። ኃላፊያችን ገና በር ላይ አንዱን ካርቶን በመኪና ቁልፉ ቀደደና አንድ ወረቀት አውጥቶ አሸተተው። የአዲስ ቀለም ሽታ ደስ ይለዋል። እኔ የማነበውን እሱ ያሸተዋል።

የስድስት ወር ልፋቴ ነው። በዚህ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የጽሑፍ ክፍል የሚባለው እኔና አንዲት እግሯ የተሰበረ ወንበር ነን። ገበሬው የሚለውን ቃል ከየማሳው እየለቀምኩ የቃላት መፍቻ አዘጋጀሁ። ከሥሩ የዘር፣ የማዳበሪያና የፀረ አረም አጠቃቀም አለ። «ዋልካ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ኃላፊው «ከባድ ሸክላማ አፈር» ብሎ ለወጠው። ገበሬ ዋልካ ሲባል የሚሰማው አፈሩን ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚታረስ፣ ውሃ የቱ ጋ እንደሚተኛበት፣ በሬው የቱ ጋ እንደሚሰምጥ አብሮ ይሰማል። «ከባድ ሸክላማ አፈር» ሲባልስ ምን ይሰማል? የቢሮ ወሬ። «ጾም ያደረ መሬት» የሚለው ደግሞ «ለጊዜው ከምርት ውጪ የሆነ ይዞታ» ተባለ። መሬት ማሳረፍ ምን ያህል ብልሃት እንዳለበት አባቴ ሲነግረኝ ያደግሁበት ቃል፣ አሁን የተወረሰ ንብረት ይመስላል።

ሠራተኛው ከጀርባው «አቶ ቅድመ» ይለዋል። ቅድመ ዝናብ፣ ቅድመ ዘር፣ ድህረ ምርት። ሾፌሩ፣ ይሄ ሰውዬ ቤቱም ሲገባ ሚስቱን ቅድመ እራት ምን አለ ሳይላት አይቀርም ይላል።

ፀረ አረሙ ላይ እኔ የጻፍኩት፣ «ዘሩ በተዘራ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከመሬት ምንም ነገር ሳይወጣ ይረጫል» የሚል ነበር። የታተመው፣ «በቅድመ ቡቃያ ወቅት ይረጫል» ነው። አጭር ነው አለኝ። ዘመናዊ ነው አለኝ። ስድስት ቃል ለመቆጠብ ብሎ።

እኔ ግን ተናግሬ ነበር። ለራሴ ጽፌ ላስቀምጠው፤ ተናግሬ ነበር።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። አባታችን የተወልንን ማሳ የሚያርሰው እሱ ነው፤ እኔ ቢሮ ገባሁ፣ እሱ እዚያው ቀረ። በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አርባ ያህል ወረቀት ይዤለት ሄድኩ።

ባልወሰድኩት ይሻል ነበር መሰለኝ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰበሰበ። የሠላሳ አንድ አባወራ ማሳ በዚያ ሜዳ ላይ ኩታ ገጠም ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ስንዴ ይዘራሉ፣ አንድ ላይ ያርማሉ። ወንድም ጋሼ በመካከላቸው ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። ሦስት ጊዜ፣ «እህቴ ያዘጋጀችው ነው» አለ። ሦስቱንም ጊዜ ወደ መሬት አየሁ።

እትዬ መዳፍም ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ማሳቸውን ራሳቸው የሚያርሱ፣ የዘር ጥልቀትን፣ የቡቃያ ቁመትን፣ የዝናብን መጠን ሁሉ በመዳፋቸው የሚለኩ ሴት ናቸው። ቃላቶቼን ግማሹን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ስለ አንድ ቃል ጠየቁኝ። መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ነበር። መለስኩላቸውና እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ማህተም። መላኪያ ደብዳቤ። ደግሞ ማህተም። ወረቀቱ በየመንደሩ ተበተነ።

ኃላፊው በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። በዋናው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ቦታ ክፍት መሆኑን ዛሬም በነገራችን ላይ እያለ አነሳው። ደስ አለኝ። ደስ በማለቴ ተናደድኩ።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ወንድም ጋሼ ደወለ። ትናንት ዘርተዋል፣ ሠላሳ አንዱም። ዝናቡ እንደተመኙት ነው። ከጀርባው የሰው ሳቅ ይሰማል። የአረሙን መድኃኒት ልክ እንደ ወረቀቱ እናደርጋለን አለኝ። እሺ አልኩት።

ልነግረው ያሰብኩት ነገር ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል። መልሼ ልደውል ስል የኃላፊው ጸሐፊ ጠራችኝ።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

አልደወልኩም። ረስቼው ነው።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ወንድም ጋሼ። ድምፁ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ስንዴው ቢጫ ሆኗል አለ። የማን አልኩት። የሁላችንም አለኝ።

ነገ እሄዳለሁ። ፈቃድ አልጠይቅም። ይቅጡኝ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ከማሳው እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለበለበ ነው። አንዱን ነቅዬ አየሁት፤ ሥሩ ደህና ነው፣ ጫፉ ግን እሳት እንደላሰው ሆኖ ጣቴ ላይ ተፈረፈረ። አረሙ ደግሞ ዳር ዳሩን፣ ርጭቱ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ ለምልሞ ያምርበታል።

የሆነው ይህ ነው። በዚያ አገር ስንዴ መሬት ቀድዶ ብቅ ሲል ቡቃያ አይባልም። መርፌ ነው የሚባለው። ቀጥ ያለ፣ ሹል፣ አንዲት ነጠላ ጫፍ። አራት ቅጠል አውጥቶ መሬቱን ሸፈን ሲያደርግ ነው ቡቃያ የሚሉት። ይህ መድኃኒት ደግሞ ያገኘውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ ያቃጥላል፤ መረጨት ያለበት መሬቱ ባዶ ሳለ ነው። እነሱ ግን ዘሩ በደንብ መውጣቱን ሊያረጋግጡ ጠበቁ። መርፌው ብቅ አለ። ገና ቡቃያ አልሆነም። ቅድመ ቡቃያ። መርጫውን አዝለው ወጡ።

ወንድም ጋሼ አልጮኸብኝም። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ ከመታጠፉ ብዛት መሃሉ ተቀድዷል። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ፣ «ቅድመ ቡቃያ ነው የሚለው። ቡቃያ ሳይሆን ነው የረጨነው። መርፌ ነበር» አለኝ። እንደ ተማሪ። የቱ ጋ እንደተሳሳተ እንድነግረው ይጠብቃል።

አልተሳሳትክም ማለት ነበረብኝ። ከቢሮ አጣርቼ እነግርሃለሁ አልኩት። አጣርቼ! ከዚህ ቃል በላይ የምጠላው የቢሮ ቃል አልነበረም፤ ከራሴ አፍ ወጣ።

የዚያ ሰውዬ እጅ ነው ይህን ሁሉ ያቃጠለው። ቀይ እስክሪብቶው። አንድ ቀን እንኳ ጭቃ ያልነካ ጫማው። 

እትዬ መዳፍ ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ነበር። ሰላም አልኳቸው፤ በአንገታቸው መለሱልኝ።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁና ፋይሉን አወጣሁ። ረቂቁ አለ። የእኔ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰርዟል፤ ከላዩ በእሱ የእጅ ጽሑፍ «ቅድመ ቡቃያ» ይላል። ከመፍቻው ውስጥ ደግሞ «መርፌ» የሚለው ቃል ከነትርጉሙ ተሰርዟል፤ ዳሩ ላይ «የአካባቢ አጠራር፣ አያስፈልግም» ብሎ ጽፎበታል። አያስፈልግም!

የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የእሱ ነው።

ረቂቁን ቤቴ ወሰድኩት።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። ኃላፊው ባለሙያዎቹን ልኮ አስመርምሯል። ግማሽ ቀን ሜዳው ላይ ቆዩ፤ አንዳቸውም ከመኪናው ርቀው እንዳልሄዱ ሾፌሩ ነግሮኛል። ሪፖርቱ ከመሄዳቸው በፊት ያለቀ ይመስላል። «በአርሶ አደሮቹ ዘንድ የአጠቃቀም ክፍተት ታይቷል።»

ክፍተት። በዚህ ቢሮ ውስጥ ማንም ጥፋት አይሠራም፤ ክፍተት ነው የሚታየው። ጥፋት አጥፊ አለው። ክፍተት ግን ከሰማይ የወረደ ነው።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። «የአጠቃቀም ክፍተት» ከተባለ ገበሬው በራሱ ጥፋት ከሰረ ማለት ነው፤ ምትክ ዘር አያገኝም። «የመመሪያ ስህተት» ከተባለ ግን መሥሪያ ቤቱ ፈጥኖ ደራሽ ዘር የማቅረብ ግዴታ አለበት። ፈጥኖ ደራሹ ደግሞ እስከ ነሐሴ መግቢያ ካልተዘራ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። ሦስት ሳምንት። ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ዓመቱን በልቶ ማደሩ በሁለት ቃል መካከል ተንጠልጥሏል።

ሪፖርቱን ቋንቋውን እንዳስተካክል ለእኔ ሰጠኝ። «አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው» አለ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ሪፖርቱን አልነካሁትም። ራሴን አሞኛል ብያለሁ።

ኮሪደር ላይ ጸሐፊዋና ሾፌሩ ሲያወሩ ሰማሁ። ጸሐፊዋ፣ የእሷም ወንድም እኮ አለበት አለች። ሾፌሩ፣ ታዲያ ለምን ዝም ትላለች አላት። ጸሐፊዋ የመለሰችለት አልተሰማኝም። ሳቅ ግን አልነበረበትም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ራሱ እቢሮዬ መጣ። በሩን ዘጋ። ተሰብራለች ብዬ ሦስት ጊዜ ያመለከትኩባት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አልወደቀም፣ እሱ አይወድቅም። የዋናው መሥሪያ ቤት ቦታ በዚህ ወር እንደሚወሰን ነገረኝ። የዋናው መሥሪያ ቤት ልዑካን በሚቀጥለው ረቡዕ ሜዳው ድረስ ሲመጡ ሪፖርቱ ለገበሬዎቹ እንደሚነበብም ነገረኝ። ከዚያ በለሆሳስ፣ «ወረቀቱ የሁለታችንም እንደሆነ አትርሺ» አለኝ።

ልጥለው የምችል ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ፈለግሁ። የወረቀት መብሻ ብቻ ነበር።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

የወንድሜ ሚስት መጣች። ከተማ ስትመጣ እኔ ቤት ሳታርፍ አትሄድም ነበር፤ ዛሬ ግን ከደጃፉ አላለፈችም። ግቢ ብላት እምቢ አለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ባሏ ከተለበለበው ማሳ መሃል ቆሞ እንደነበር፣ ስትጠራው እንዳልሰማት ነገረችኝ። ጎረቤቶቹ ምንም አላሉትም። አለማለታቸው ነው የገደለው አለች። ማንበብ የሚችለው እሱ፣ ያነበበላቸው እሱ፣ እህቴ እያለ ያወራው እሱ።

ከዚያ ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ተመለሰች።

«እትዬ መዳፍ ጠይቄያታለሁ ይላሉ። ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

አላስታውስም አልኳት።

ፊቴን ትንሽ አየችና ሄደች።

ሐምሌ 14፣ እሑድ፣ ማለዳ

አስታውሳለሁ።

እትዬ መዳፍ መዳፋቸውን መሬት ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ ቡቃያ የሚለው መርፌውን ነው ወይስ የእኛን ቡቃያ?» ነበር ያሉኝ። ከዚያ በላይ ግልጽ ጥያቄ የለም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ መርፌ የሚለውን ቃል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ መዝግቤዋለሁ፣ ሲሰረዝም አይቻለሁ። መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ነበር። አዎ፣ ይነፋ ነበር። ግን ለአንዲት ዓረፍተ ነገር የማይበቃ ጊዜ አልነበረም። ወረቀቱ ተሳስቷል ብል፣ ሠላሳ አንዱ ሰው ፊት፣ ወንድሜ እንዲያ ኮርቶ በቆመበት፣ ለምን ፈረምሽበት ይሉኝ ነበር።

«እንደተጻፈው ነው» አልኳቸው። ገበሬ አርባ ዓመት የሚያውቀውን ነገር ትቶ ወረቀት እንዲያምን አድርጌ፣ ሮጬ መኪና ገባሁ።

ተናግሬ ነበር ያልኩትም ውሸት ነው። ሲሰርዘው አጠገቡ ነበርኩ። «ገበሬው እንዲህ አይለውም» አልኩ፤ በከንፈሬ፣ እሱ ስልክ እያወራ። ስልኩን ሲዘጋ ምን አልሽ አለኝ። ምንም አልኩ። ከዚያ ስለ ዋናው መሥሪያ ቤት ቦታ ነገረኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የዚያን ዕለት፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ፈረምኩ።

ወር ሙሉ በዚህ ደብተር ላይ እሱን ስሰድብ ኖሬያለሁ። ይገባዋል፤ አንዱንም ስድብ አልሰርዝም። ግን ከሰኔ 22 እስከ ሰኔ 28 ድረስ ስልክ ነበረኝ። መርፌው ገና ከመሬት በታች ነበር። አንድ ጥሪ ነበር የሚያስፈልገው፤ ምንም ነገር ሳይወጣ እርጩ። አምስት ቃል እንኳ አይሞላም። ረስቼው አይደለም።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ልዑካኑ ሦስት ናቸው። ማሳው ዳር ጠረጴዛ ተዘረጋላቸው። ገበሬዎቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሪፖርቱን አለማስተካከሌን ያወቀው ኃላፊ ራሱ አስተካክሎት ኖሯል፤ ቆሞ አነበበው። ግንዛቤ፣ ክፍተት፣ ቅድመ ጥንቃቄ። ከተቀመጡት ግማሹ የሚለው አልገባቸውም። የገባቸው ወደ ወንድም ጋሼ አዩ። እሱ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያዞራል።

እትዬ መዳፍ ተነሡ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«ሳንጠይቅ የሠራን አስመሰላችሁት። እኛ ጠይቀናል። መልስም ተሰጥቶናል።»

ከልዑካኑ አንዷ፣ ሴትየዋ፣ ማን ነው የመለሰላችሁ አለቻቸው።

እትዬ መዳፍ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳያነሱ፣ «የመለሰው ይናገር» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይቀለኝ ነበር። ስሜን ለመጥራት አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጎድላቸው፤ ያንን ቃል ለእኔ ተዉልኝ።

ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ። እንደተጻፈው ነው ብያቸዋለሁ። የተጻፈው ስህተት መሆኑን ያኔ አውቅ ነበር።»

የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው መሰለኝ። ሌላው ተምታቶብኛል። ረቂቁን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አደረግሁ። ቀዩ ስርዝ፣ ቅድመ ቡቃያ፣ አያስፈልግም፣ ሁሉም አለ። ኃላፊው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ፣ የእሷም ፊርማ እኮ አለበት አለ።

«አዎ፣ አለበት» አልኩ።

ሴትየዋ ረቂቁን አነበበች። ከዚያ እትዬ መዳፍን መርፌ ማለት የትኛው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እትዬ መዳፍ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ በተቃጠለ መሬት ላይ ዘግይታ የወጣች አንዲት ስንዴ ፈልገው አገኙና አሳዩዋት። ሴትየዋ ከጠረጴዛው ተነሥታ፣ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ አየቻት። ወር ሙሉ ያየሁት የመጀመሪያ የሥራ ሰው እሷ ናት።

ወንድም ጋሼ ወደ እኔ ሳያይ ሄደ። 

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ውሳኔው መጣ። «የመመሪያ ስህተት።» ምትክ ዘር ይላካል። ሁለቱን ቃላት ደጋግሜ አነበብኳቸው።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። ይገባኛል፤ ስለዚያ ቃል አልናገርም።

ኃላፊውም ተዛወረ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት። የጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ሆኖ። ከአሁን በኋላ የሚታተም ወረቀት ሁሉ በእሱ ቀይ እስክሪብቶ ሥር ያልፋል። ጸሐፊዋ ስትነግረኝ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ለመሸኛው ዳቦ መግዣ መዋጮ ጠየቁኝ። የመዋጮውን መመዝገቢያ ወረወርኩት። ያነሣው ሰው የለም።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ዘሩ መጣ። ለሠላሳ አንድ አባወራ የተላከው ለአሥራ ዘጠኝ የሚበቃ ነው። በስልክ ብጠይቅ የተመደበው ያ ነው አሉኝ። ቀሪውስ ብል፣ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ሌላው ሰው ደግሞ ዘጋው።

ከግምጃ ቤት ከመኪናው ጋር የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ጆንያ ቆጥሮ ማስረከብ ነው አሁን ሥራዬ። ገበሬዎቹ ለማን ይድረስ ብለው ሲከራከሩ ዳር ቆሜ ሰማሁ። መከራከራቸው ራሱ አናደደኝ፤ መከራከር የነበረበት ሌላ ቦታ ነው። በመጨረሻ ዕጣ ይውጣ ተባለ። ወረቀት ቆራርጬ ስጠቀልል ወንድም ጋሼ መጣና ከጀርባዬ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ንግግሩ ነው።

«ሠላሳ አድርጊው።»

ሠላሳ አንድ ናችሁ አልኩት።

«እኔ አልገባም። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።»

ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት፣ በሰው ሁሉ ፊት ተናግሬያለሁ አልኩት፣ ልጆችህስ አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቆመ። አባታችንም እንዲህ ነበር፤ ከወሰነ በኋላ ግድግዳ። እጁን ይዤ ልነቀንቀው ምንም አልቀረኝም። ጎረቤቶቹ ተው አሉት፤ እትዬ መዳፍ እንኳ ተው አሉት። እሱ ዕጣውን ራሱ ይዞ አዞረው። እትዬ መዳፍ ደረሳቸው። ጆንያውን እስከ ማሳቸው ድረስ ተሸክሞ ያደረሰላቸው እሱ ነው። የራሱ መሬት ባዶውን ቀረ።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

ዓርብ ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ልነግረው የተዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ በመኪናው ውስጥ ስለማመደው አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ደህና ነሽ ወይ አለኝ።

ቤት ስገባ ወንድም ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ምድጃው ዘንድ ናት። አይነጋገሩም፤ ቤቱ ውስጥ ሦስት ቀን ንግግር እንዳልነበረ ያስታውቃል። ልጆቹ እንግዳ ሲመጣ ይንጫጩ ነበር፤ ያን ማታ ተራ በተራ ሳሙኝና ወጡ።

ንግግሬን ጀመርኩ። በወር ደመወዜ እህል ገዝቼ አመጣለሁ አልኩ፤ እሱ አልፈልግም አለ። ትወስዳለህ፣ አልወስድም ተባባልን። ድምፃችን ከፍ እያለ ሄደ። እኔ በእልህህ ልጆችህን ልታስርብ ነው አልኩት፤ እሱ አንቺ ደግሞ በእህል ልትገላገይ ነው የመጣሽው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስለዚህ የባሰ ተናደድኩ።

የወንድሜ ሚስት እስከ መጨረሻው ሰማችን። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። በእርጋታ ነው የተናገረችው።

«ሁለታችሁ የአንድ አባት ልጆች ናችሁ። አንቺ ስትፈርሚ ማንንም አላማከርሽም። እሱ ከዕጣው ሲወጣ እኔን አላማከረኝም። የምታጠፉትም ለብቻችሁ ነው፣ የምትክሱትም ለብቻችሁ ነው። የሚራበው ግን ሌላ ሰው ነው።»

ወንድም ጋሼ ቀና አለ።   ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ላይ የወረወርኩት ንዴት ተሰብስቦ መጥቶ የሚሄድበት አጣ። እሷ ላይ መናደድ አልቻልኩም። ብቻዋን ልክ ነበረች።

ከበሩ ጀርባ ሁለት መኮትኮቻ አወጣች። ሦስተኛውን ከጎረቤት ተውሳ አምጥታ ከጎናቸው አቆመችው። ከወንዙ ማዶ ያለው ትልቁ የበቆሎ እርሻ ለአረም ሰው ይፈልጋል፣ ክፍያው በእህል ነው፣ ተመዝግቤያለሁ አለች። ነገ ገና ጎህ ሲቀድ እንወጣለን፤ ሦስታችንም። አንቺም በየቅዳሜው ትመጫለሽ፣ እሸቱ እስኪደርስ። እንዲህ ብላ ተመልሳ ድስቷን ማማሰል ጀመረች።

ማንም አላማከረኝም።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ዛሬ እጄ ተልጦ እስክሪብቶ በግድ ነው የምይዘው።